የሰሐባው ነጋዴ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ታሪክ፤ ስለ ታማኝ ወዳጅነት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ የተከበርህ አንባቢ ሆይ! ወዳጅ የሚለው ስም በአፍ ላይ ቀላል ነው። በገበያ መካከል ቆመህ ብትጣራ ብዙ ሰው አቤት ይልሃል፤ ዕዳው ሲበዛ፣ ሱቅህ ሲዘጋ፣ ቤትህ ሲራቆት ግን ከነዚያ አቤት ባዮች ስንቱ በደጅህ እንደሚቆም አንተው ታውቀዋለህ። ስለዚህ ዛሬ የምንነግርህ ነጋዴ የነበሩትን የታላቁን ሰሐባ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በሀብታቸው ነው፤ ነገር ግን ወዳጅ ለወዳጁ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ፣ ደግሞም የት ላይ ሊቆም እንደሚገባው በሕይወታቸው ውስጥ ተገልጦ ስለሚታይ፣ እኛ ከሀብታቸው ይልቅ በዚህ ላይ እንቆያለን።

ዐብዱረሕማን የተወለዱት ከዝሆኑ ዓመት ዐሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ580 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ ነው። ነገዳቸው ቁረይሽ ሲሆን፣ ጎሣቸው የነቢያችን እናት የአሚና ጎሣ የሆነው በኑ ዙህራ ነው። በጃሂሊያ ዘመን ዐብዱ ዐምር ይባሉ ነበር፤ በሰለሙ ጊዜ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱረሕማን ብለው ሰየሟቸው። ይህን የስም ለውጥ በልብህ ያዘው፤ ኋላ በአንድ የውል ወረቀት ላይ እንደገና እናገኘዋለን።

ወደ እስልምና ያመጧቸው ሰይዲና አቡበክር (ረ.ዐ.) ናቸው። አቡበክር ሰው ገንዘቡንም ምስጢሩንም የሚያምናቸው የልብስ ነጋዴ ነበሩ፤ እምነቱም በልባቸው በጸና ጊዜ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ወዳጆቻቸው ነው። ዑስማን ኢብን ዐፋን፣ ዙበይር ኢብን አል ዐዋም፣ ጠልሓ ኢብን ዑበይዱላህ፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስና ዐብዱረሕማን በርሳቸው ጥሪ ሰለሙ። ነጋዴ መልካም ዕቃ የሚገኝበትን አገር ለባልንጀራው እንኳ ይደብቃል፤ አቡበክር ግን ካገኙት ሁሉ የሚበልጠውን ሳይውል ሳያድር ለወዳጆቻቸው አካፈሉ።

የቁረይሽ ግፍ በበረታ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ ማለት በ615 እ.ኤ.አ.፣ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ዐብዱረሕማን ከነዚያ ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች አንዱ ነበሩ፤ ሙስዐብ ኢብን ዑመይርም አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሡ ነጃሺ በደኅና እንደ ተቀበሏቸው የአገራችን ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚያውቁት ነገሩን አናስረዝመውም። የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል የሐሰት ወሬ ሰምተው ቢመለሱ፣ ያገኙት የቀድሞውን መከራ ነው።

ሁለተኛው ስደት ወደ መዲና ነበር፤ እርሱም በ622 እ.ኤ.አ. ሆነ። ዐብዱረሕማን በመካ ያፈሩትን ትተው ባዶ እጃቸውን መዲና ገቡ። ስደተኛ ነጋዴ ምን እንደሚመስል አንተም ሳታይ አትቀርም፤ ሙያው አለ፣ ደንበኛ ግን የለውም፤ ዐይኑ ዋጋ ይገምታል፣ እጁ ግን የሚከፍለው የለውም፤ በአገሩ የተከበረ ስሙን በዚህ የሚያውቅለት ሰው አያገኝም።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ የመጡትን ሙሃጂሮችና የመዲናን ሰዎች አንሷሮችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ወንድማማች አደረጓቸው። ይህ ወንድማማችነት የአፍ ቃል ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ጊዜ አንዱ ሲሞት በሥጋ ዘመዱ ፈንታ ይኸው ወንድሙ ይወርሰው ነበር፤ ኋላ ግን አላህ ውርስን ወደ ሥጋ ዘመድ መለሰው። ለዐብዱረሕማን ወንድም የሆኑላቸው ሰዕድ ኢብን አረቢዕ ይባላሉ፤ ቀደም ብለን ከጠራናቸው ከሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ጋር እንዳይምታቱብህ ተጠንቀቅ። እኒህ ሰዕድ ከኸዝረጅ ነገድ ናቸው፤ በዐቀባ ቃል ኪዳን ጊዜ ከተመረጡት ከ12ቱ አለቆች አንዱ ነበሩ፤ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ሀብታቸውም ብዙ ነበር።

ሰዕድ ወንድማቸውን ተቀብለው፣ በሀብት ከአንሷር የሚበልጡ እርሳቸው እንደ ሆኑ፣ ገንዘባቸውንም ለሁለት ከፍለው እኩሌታውን እንደሚሰጧቸው ነገሯቸው። በዚህም አላበቁም። ሁለት ሚስቶች ነበሯቸውና፣ ዐብዱረሕማን የመረጧትን አንዲቱን ፈትተው፣ ዒዳዋ ሲፈጸም እንዲያገቧት ፈቀዱላቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር በዛሬ ሰው ጆሮ ከባድ ነው፤ እኛም እንድትከተለው ብለን አላመጣነውም። ነገር ግን የሰዕድን ልብ ተመልከት። ቤታቸውን ከምሰሶው እስከ ጓዳው ቆጥረው፣ ይህ የኔ ብቻ ነው ሊሉት የሚችሉትን አንድ ነገር እንኳ ወደ ኋላ አላስቀሩም።

ዐብዱረሕማን ግን አላህ በገንዘባቸውና በቤተ ሰባቸው በረካ እንዲያደርግላቸው ዱዓእ አድርገው፣ የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያሳዩአቸው ለመኑ።

ወንድሜ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። ይህን ታሪክ የሚናገሩ ብዙዎች የሰዕድን ልግስና አወድሰው ያልፋሉ። ለኔ ግን የዐብዱረሕማን አለመቀበል ከሰዕድ ስጦታ የሚያንስ ሆኖ አይታየኝም። ሰጪው ሣጥኑን ሁሉ በከፈተበት ቀን ተቀባዩ ሣጥኑን ሁሉ ቢያነሣ፣ ያ ወዳጅነት ዓመት ሳይሞላው ወደ ሒሳብ ይለወጣል፤ አንዱ የሰጠውን ማሰብ ይጀምራል፣ ሌላውም ዐይኑን መስበር ይጀምራል። እምቢታቸውም የኩራት አልነበረም። ኩሩ ሰው ምንም አይለምንም፤ እርሳቸው ግን እንግዳ መሆናቸውን ሳይደብቁ መንገድ ጠይቀዋል፤ ሰዕድም ወንድማቸውን የረዱበትን ደስታ አላጡም።

የታየውም መንገድ ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ የሚወስደው ነበር። ዐብዱረሕማን በማለዳ ወርደው ሲገዙና ሲሸጡ ዋሉ፤ ወደ ቤት የተመለሱትም ከትርፋቸው ደረቅ አይብና ቅቤ ይዘው ነው። በማግሥቱም እንዲሁ አደረጉ፤ በየቀኑም ይመላለሱ ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዐብዱረሕማን ልብስ ላይ ሙሽራ የሚቀባውን የቢጫ ሽቶ ምልክት አይተው ምን እንደ ሆነ ጠየቋቸው። እርሳቸውም ከአንሷር አንዲት ሴት እንዳገቡ፣ መህሯም የአንድ ተምር ፍሬ ያህል የሚመዝን ወርቅ እንደ ሆነ ነገሯቸው። ነቢዩም በረካን ለምነውላቸው፣ አንድ በግ እንኳ ቢሆን አርደው ወሊማ እንዲያበሉ አዘዟቸው። ባዶ እጁን የገባ ሰው የራሱን ቤት በራሱ ትርፍ አቆመ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከበደው ነገር እንሂድ። ዐብዱረሕማን በመካ ሳሉ ከቁረይሽ ታላላቆች አንዱ የሆነ ኡመያ ኢብን ኸለፍ የሚባል ወዳጅ ነበራቸው። ኡመያ ሐበሻዊውን ቢላልን (ረ.ዐ.) በቀትር ፀሐይ በሚፋጅ አሸዋ ላይ እያስተኛ፣ በደረታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ እያስጫነ፣ አንዱን አምላክ እንዲክዱ ያሠቃያቸው የነበረው ሰው ነው። ከዚያ ሥቃይ ገዝተው ነጻ ያወጧቸው አቡበክር ናቸው።

ዐብዱረሕማንና ኡመያ በጽሑፍ ተዋውለው ነበር። ኡመያ በመካ ያለውን የዐብዱረሕማንን ንብረትና የርሳቸው የሆነውን ሁሉ ሊጠብቅ፣ ዐብዱረሕማንም በመዲና ያለውን የኡመያን ሊጠብቁ ተስማሙ። ውሉ ሲጻፍ ኡመያ አረሕማን የሚለውን ስም እንደማያውቅ ተናግሮ፣ በጥንቱ ስማቸው እንዲጻፍ ጠየቀ፤ በወረቀቱም ላይ ዐብዱ ዐምር ተብሎ ተጻፈ። ኢማም አል ቡኻሪ ይህን ነገር በሐዲስ መጽሐፋቸው ስለ ውክልና በሚናገረው ክፍል አስፍረውታል። ይህን የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነጋዴ በእምነት ከተለየው ሰው ጋር ቢዋዋል እንኳ ቃሉ ቃል መሆኑን እንድትረዳ ነው። በቃሉ እስከ ምን እንደ ጸኑም አሁን ታያለህ።

በሂጅራ 2ኛው ዓመት በረመዳን ወር፣ በ624 እ.ኤ.አ. በበድር ጦርነት ሆነ። የቁረይሽ ሠራዊት በተሸነፈ ጊዜ ዐብዱረሕማን የማረኳቸውን ጥሩሮች ተሸክመው ሲሄዱ፣ ኡመያ የልጁን እጅ ይዞ ግራ ተጋብቶ ቆሞ አገኙት። ኡመያም ከነዚያ ጥሩሮች ይልቅ የርሱ ምርኮ እንደሚሻላቸው፣ ቤዛውም ብዙ እንደሚሆን አሳሰባቸው። ዐብዱረሕማን ጥሩሮቹን ወዲያ ጥለው፣ አባትና ልጅን በሁለት እጃቸው ይዘው ከጦሩ መካከል ሊያወጧቸው ሄዱ።

ቢላል ግን አዩ። ኡመያ ከዳነ እርሳቸው እንዳልዳኑ የሚቆጥሩት መሆኑን በታላቅ ድምፅ አሰምተው አንሷሮችን ጠሩ፤ ሰዎችም ተከተሏቸው። ዐብዱረሕማን በልጁ እስኪያዙ ድረስ አባቱ ያመልጥ ይሆናል ብለው ልጁን ወደ ኋላ ተዉላቸው፤ እነርሱም ልጁን ገድለው ደረሱባቸው። ኡመያ ወፍራም ሰው ስለ ነበረ መሮጥ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ዐብዱረሕማን እንዲንበረከክ ነግረውት፣ በራሳቸው ገላ ሊከልሉት በላዩ ላይ ተጋደሙበት። ሰይፎቹ ግን ከሥራቸው እየገቡ ኡመያን ገደሉት፤ አንዱም ሰይፍ የዐብዱረሕማንን እግር አቆሰለ። ያንን ጠባሳ በኋለኛው ዘመናቸው ለልጆቻቸው ያሳዩ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ማንን ታመሰግናለህ? ዐብዱረሕማን የወዳጅነትን ቃል እስከ ደማቸው ድረስ ጠበቁ፤ ጥሩሩን ጣሉ፣ ገላቸውን ጥሩር አደረጉ። ይህን የሚነቅፍ ሰው ወዳጅ ኖሮት አያውቅም። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው የሁለት ሰዎች ነገር ነበር፤ በቢላል ደረት ላይ የተጫነው ድንጋይ በውስጡ አልነበረም። አንተ ከባለ ዕዳ ወዳጅህ ያለህን ሒሳብ ልትምረው ትችላለህ፤ ከሌላው ሰው የተበደረውን ግን ልትምርለት ምን ሥልጣን አለህ? ዐብዱረሕማንም ይህን ያወቁት ይመስላል። ምርኮኞቻቸውም ጥሩሮቻቸውም ስለ ጠፉባቸው ሲያስታውሱ፣ አላህ ቢላልን እንዲያዝንላቸው እየለመኑ እንጂ በጠላትነት እንዳልነበረ ተዘግቧል። ሁለቱም ከዚያ በኋላ በአንድ ሰፍ ቆመው ሲሰግዱ ኖሩ።

በተከታዩ ዓመት፣ በሂጅራ 3ኛው ዓመት በ625 እ.ኤ.አ.፣ የኡሑድ ጦርነት ሆነ። ሙስሊሞች በተበተኑባት በዚያች ሰዓት ዐብዱረሕማን ጸንተው ከቆሙት ጋር ነበሩ፤ ከሃያ በላይ ቁስል ቆሰሉ፣ የፊት ጥርሳቸው ተሰበረ፣ እግራቸውም ተጎድቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው አነከሱ። ወንድማቸው ሰዕድ ኢብን አረቢዕ ግን ከጦሩ አልተመለሱም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድ ከሕያዋን ወይም ከሙታን መሆናቸውን የሚያይላቸው ሰው ፈለጉ። የተላከውም አንሷሪ ሰዕድን በሬሳዎች መካከል በመጨረሻ ትንፋሽ ላይ አገኛቸው። ሰዕድ ስለ ቁስላቸው አልተናገሩም፤ ስለ ቤታቸውም አላዘዙም። ሰላምታቸውን ለነቢዩ እንዲያደርስላቸው፣ ለወገኖቻቸውም ከነርሱ አንድ ዐይኑ የሚርገበገብ ሰው እያለ በነቢዩ ላይ ጉዳት ቢደርስ በአላህ ፊት ምክንያት እንደማይኖራቸው እንዲነግርላቸው አደራ ብለው ሸሂድ ሆኑ።

ሰዕድ ሁለት ሴቶች ልጆች ትተው ነበር። የልጆቹ አጎት እንደ አሮጌው ልማድ ገንዘቡን ጠቅልሎ ያዘ። በጃሂሊያ ዘመን ውርስ ፈረስ ለሚጋልብና ጦር ለሚይዝ ወንድ እንጂ ለሴት ልጅና ለሕፃን አልነበረምና። የሰዕድ ሚስት ሁለቱን ልጆች ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረቡ፤ አባታቸው በኡሑድ መገደላቸውን፣ አጎታቸው ምንም እንዳላስቀረላቸው፣ ገንዘብ የሌላቸው ልጃገረዶችም ባል እንደማያገኙ አስረዱ። ነቢዩ ነገሩን ለአላህ ፍርድ ተዉት፤ ከዚያም በሱረቱ ኒሳእ ያለው የውርስ አንቀጽ ወረደ። አጎትየው ተጠርቶ፣ ለሁለቱ ልጆች ከሦስት እጅ ሁለቱን፣ ለእናታቸው ከስምንት እጅ አንዱን ሰጥቶ የቀረውን እንዲወስድ ታዘዘ። አንተ በቁጥር የለመድህ ስለ ሆንህ እንዲህ አስበው፤ ገንዘቡ 24 እጅ ቢሆን 16ቱ የልጆቹ፣ 3ቱ የእናትየው፣ 5ቱ የአጎትየው ነው። ዛሬ በየሱቃችንና በየቤታችን አባት ሲሞት የምንከፋፈልበት ሥርዓት በነዚያ ሁለት ልጆች ምክንያት ወረደ።

እንግዲህ ወደ ኋላ ተመልሰህ አስብ። ዐብዱረሕማን በዚያ በመጀመሪያው ቀን የወንድማቸውን እኩሌታ ገንዘብ ተቀብለው ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ የቲሞች የሚካፈሉት እኩሌታውን ብቻ በሆነ ነበር። ወዳጅህ በደስታው ቀን ከሚሰጥህ ውስጥ ገና ያልተወለደ፣ ወይም ገና አፉን ያልፈታ ባለ መብት እንዳለበት ማን ያያል? ዐብዱረሕማን ይህ እንደሚመጣ አላወቁም፤ በእጃቸው ሠርተው መብላትን መምረጣቸው ግን ለወንድማቸው ልጆች ዘብ ሆኖ ቆየ። የሰዕድም ወዳጆች ልጆቻቸውን አልረሷቸውም። አንድ ሰው ወደ አቡበክር ቢገባ፣ ትንሽቱን የሰዕድን ልጅ በደረታቸው ላይ አድርገው ሲስሟት አገኛቸው፤ ማን እንደ ሆነችም ቢጠይቅ፣ ከርሳቸው የሚበልጥ ሰው ልጅ መሆኗን እንደ መለሱለት ይነገራል።

ከዚያ በኋላ የዐብዱረሕማን ንግድ እየሰፋ ሄደ። በሂጅራ 9ኛው ዓመት በተቡክ ዘመቻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለውዱእ ርቀው በዘገዩ ጊዜ፣ ሰዎች ዐብዱረሕማንን ኢማም አድርገው የሱብሕን ሰላት ጀምረው ነበር፤ ነቢዩ ደርሰው አንዱን ረከዓ ከኋላቸው ሰገዱ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር የትኛው ነጋዴ አግኝቷል? ሆኖም ሀብቱ ልባቸውን አላደነደነውም። አንድ ቀን ጾመው ውለው የማፍጠሪያ ምግብ በቀረበላቸው ጊዜ፣ አብረዋቸው ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙስዐብ ትዝ አሏቸው። ሙስዐብ በመካ ሳሉ በልብሳቸውና በሽቷቸው የታወቁ የባለጸጋ ልጅ ነበሩ፤ በኡሑድ ሲሞቱ ግን ከአንዲት ኩታ በቀር ከፈን አልተገኘላቸውም፤ ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸው ይታይ ነበር፤ እግራቸው ሲሸፈን ራሳቸው። ዐብዱረሕማን ሙስዐብ ከርሳቸው የሚሻሉ እንደ ነበሩ፣ ምናልባትም የራሳቸው ዋጋ በዚህች ዓለም ተከፍሎ አልቆ እንዳይሆን እንደሚፈሩ ተናግረው አለቀሱ፤ ምግቡንም ተዉት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካረፉ በኋላ ታማኝነታቸው ወደ ቤተ ሰቦቻቸው ተሻገረ። ሰይዲና ዑመር በመጨረሻ ዘመናቸው ለነቢዩ ሚስቶች ሐጅ እንዲሄዱ በፈቀዱ ጊዜ፣ በመንገድ እንዲጠብቋቸው የላኩት ዑስማንንና ዐብዱረሕማንን ነው። ከገንዘባቸውም ለነዚሁ ለምእመናን እናቶች አንድ የአትክልት ቦታ ተናዘውላቸው፣ ቦታው በ400,000 ተሽጧል።

በሂጅራ 23ኛው ዓመት፣ በ644 እ.ኤ.አ.፣ ዑመር በተወጉ ጊዜ ኸሊፋውን እንዲመርጡ ስድስት ሰዎች ሰየሙ፤ እነርሱም ዑስማን፣ ዐሊ፣ ጠልሓ፣ ዙበይር፣ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስና ዐብዱረሕማን ነበሩ። ልብ በል፤ ከስድስቱ አምስቱ በአንድ ዘመን በአቡበክር ጥሪ የሰለሙት የጥንት ባልንጀሮች ናቸው። ሥልጣን ወዳጆችን እንደሚያፋጅ ዓለም ያውቃል። ዐብዱረሕማን ግን በመጀመሪያ የራሳቸውን ድርሻ ትተው ከምርጫው ወጡ፤ ሌሎቹም ዳኝነቱን ለርሳቸው ሰጧቸው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ሳይጠግቡ የሕዝቡን አሳብ ሲጠይቁ ሰንብተው፣ ለዑስማን በይዓ ሰጡ። በሰዕድ ቤት የቀረበላቸውን እኩሌታ ሀብት በተዉበት ልብ፣ አሁንም በፊታቸው የቀረበውን ኸሊፋነት ተዉት።

ዐብዱረሕማን በሂጅራ 32ኛው ዓመት፣ በ652 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው በመዲና አረፉ፤ በበቂዕም ተቀበሩ። ኑዛዜያቸው ሲከፈት፣ በበድር ከተዋጉት መካከል በሕይወት ላለ ሁሉ ለያንዳንዱ 400 ዲናር እንዲሰጥ ማዘዛቸው ተገኘ። ሲቆጠሩም መቶ ያህል ሆኑ። ሀብታሙ ኸሊፋ ዑስማን ሳይቀሩ የወዳጃቸውን ስጦታ ከሌሎቹ ጋር እንደ ተቀበሉ ተዘግቧል። ቢላል ግን ከዚያ ብዙ ዓመት አስቀድመው በሻም አርፈው ነበርና ድርሻቸውን አልወሰዱም፤ ሰዕድና ሙስዐብም በኡሑድ ተራራ ሥር ነበሩ።